ጎማ ከማሳደጋችሁ በፊት ቸርኬውን አስቡበት

ጎማው ጎን ላይ 265/70 አር 17 የሚል ጽሑፍ ካለ፣ 265 የጎማው ወርድ በሚሊሜትር ነው፤ 70 የጎኑ ቁመት የወርዱ ስንት በመቶ እንደሆነ ይናገራል፤ 17 ቸርኬው ስንት ኢንች እንደሆነ ነው። ሙሉ ቁመቱን ለማግኘት 265ን በ0.70 አባዙት፣ ያን እጥፍ አድርጉትና 17 ኢንቹን፣ ማለትም 431.8 ሚሊሜትር፣ ደምሩበት። 803 ሚሊሜትር ገደማ ይመጣል። 285/70 አር 17 በዚሁ ስሌት 831 ይሆናል። ጎማው በ28 ሚሊሜትር አደገ ማለት ነው፤ የሞተሩን ኃይል ለግራና ለቀኝ ጎማ የሚያካፍለው ዲፈረንሻል ከመሬት ከፍ የሚለው ግን በግማሹ፣ በ14 ሚሊሜትር ብቻ ነው። ከዚህ በታች የሚመጣው ጣጣ ሁሉ የሚከፈለው ለዚህች ከፍታ ስለሆነ ቁጥሯን ያዟት።

3.5 በመቶ ያደገ ጎማ ፍጥነት ቆጣሪውን ያሳስተዋል፤ ድሮ ትክክል ከነበረ 100 ሲያሳይ መኪናው በ103.5 ይሄዳል። ኪሎሜትሩንም አሳንሶ ስለሚቆጥር የነዳጅ ፍጆታችሁ ከእውነቱ የባሰ ይመስላችኋል። የዲፈረንሻሉ የጥርስ ንጽጽር (ጎማው አንዴ ሲዞር ዘንጉ ስንት ጊዜ እንደሚዞር) 4.10 የነበረ መኪና 3.96 እንደተገጠመለት ሆኖ ይጎትታል፤ ይህን ያህሉን ሞተሩ ይችለዋል። ሙሉ ቁመቱ 35 ኢንች የሆነ ጎማ ውስጥ ከገባችሁ ግን 4.10ሩ እንደ 3.70 ይሆናል። ዳገት ላይ አውቶማቲኩ ማርሽ እየቀያየረ ይሞቃል፣ ማኑዋሉ ፍሪሲዮን ይጨርሳል። አቅሙን ለመመለስ የፊቱንም የኋላውንም ዲፈረንሻል ጥርስ ወደ 4.56 መቀየር ያስፈልጋል። በእኔ እምነት ይህን ወጪ ያላሰበ ሰው 35 ባያስብ ይሻለዋል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ግን ቸርኬው ላይ ነው። ኦፍሴት የሚባለው ቁጥር ቸርኬው ሞዞው ላይ፣ ማለትም ብሎኖቹ ያሉበት የሚሽከረከር መሐል ላይ፣ የሚያርፍበት ገጽ ከቸርኬው ወርድ መሐል በስንት ሚሊሜትር እንደራቀ ያሳያል። ወርዱ 8 ኢንች፣ ኦፍሴቱ 30 የሆነ የፋብሪካ ቸርኬ አውጥታችሁ ወርዱ 9 ኢንች፣ ኦፍሴቱ 0 የሆነ ብታስገቡ፣ 30 ሚሊሜትር ከኦፍሴቱ፣ 12.7 ከተጨመረው ወርድ ግማሽ፣ የቸርኬው የውጭ ጠርዝ በድምሩ 43 ሚሊሜትር ገደማ ወደ ውጭ ይወጣል። ቁመናው ያምራል። መሪ ሲጠመዘዝ ግን ጎማው የሚዞርበት ቅስት ስለሚሰፋ፣ በፋብሪካው ቸርኬ ምንም የማይነካው ባለ 285 ጎማ አሁን የፓራፋንጎውን የኋላ ጥግ ይበላል። የጎማው ኩሽኔታ በማይመቸው ማዕዘን ይጫናል፣ ጉድጓድ ስትገቡ መሪው እጃችሁን ይመታል፣ ጭቃውም በሩ ላይ ይረጫል። ለ285 ጎማ ወርዱ 8 ወይም 8.5 ኢንች፣ ኦፍሴቱም ከፋብሪካው ከ15 ሚሊሜትር በላይ ያልቀነሰ ቸርኬ ምረጡ።

የቀዳዳው ብዛት መግጠሙ ብቻውን አይበቃም። የቶዮታ ፕራዶም ሆነ የኒሳን ፓትሮል ዋይ 61 ባለ 6 ቀዳዳ ናቸው፤ ቀዳዳዎቹ የተደረደሩበት ክብም የሁለቱም 139.7 ሚሊሜትር ነው። የመሐል ቀዳዳቸው ግን ይለያያል፦ የብዙዎቹ ፕራዶዎች 106፣ የፓትሮሉ 110 ሚሊሜትር ገደማ ነው። የፓትሮል ቸርኬ ፕራዶ ላይ ይገባል፣ ግን ሞዞው መሐሉን አይዝለትም፤ ማስተካከያ ቀለበት ካልገባ መሐሉን ስቶ ሊታሰርና ሊንቀጠቀጥ ይችላል።

ዳዶው ላይ ደግሞ ቀልድ የለም። ብዙ የቶዮታ ፋብሪካ አሉሚኒየም ቸርኬዎች የሚታሰሩት ጠፍጣፋ ዋሸር ባለው ዳዶ ነው፤ ከገበያ የሚገዙት አብዛኞቹ የሚፈልጉት ግን አፉ እንደ ሾጣጣ የጠበበ፣ የ60 ዲግሪ ዳዶ ነው። ጠፍጣፋውን ዳዶ ሾጣጣ ቀዳዳ ላይ ካጠበቃችሁት የሚነካው የቀዳዳውን ጠርዝ ብቻ ነው። ያ ቀጭን ጠርዝ እየተደፈጠጠ ሲሄድ ዳዶው ይላላል፣ ቀዳዳው ይሞልላል፣ በመጨረሻ ብሎኑ ይቆረጣል። ዳዶው ዙሪያ ጥቁር የአሉሚኒየም ዱቄት ካያችሁ መላላት ጀምሯል ማለት ነው፤ መኪናውን አቁሙት። አዲስ ቸርኬ ሲታሰር መለኪያ ባለው ቁልፍ በመኪናው መመሪያ ልክ፣ በኮከብ ቅደም ተከተል፣ ማለትም ከአንዱ ዳዶ ወደ ተቃራኒው እየተሻገሩ፣ ይጠበቅ፤ ባለ 12 ሚሊሜትር ብሎን ብዙ ጊዜ ከ100 እስከ 115 ኒውተን ሜትር ነው። ከ50 እስከ 100 ኪሎሜትር ከሄዳችሁ በኋላ እንደገና አጥብቁት።

«መኪናውን ከፍ ካደረግኩት አይነካም» የሚለው አባባል ግማሽ እውነት ነው። ረጅም ሞላ መኪናውን ቆሞ ሳለ ከፍ ያደርገዋል፤ ጉድጓድ ሲመታ ግን ጎማው የላስቲክ ማቆሚያው እስኪይዘው ድረስ ወደ ላይ ይወጣል፣ ማቆሚያው ካልረዘመ የሚደርስበት ቦታ የድሮው ነው። ስለዚህ ልኬቱ ደልዳላ መሬት ላይ አይሁን። የፊቱን አንድ ጎማ ከፍ ያለ ነገር ላይ አውጡና ሰስፔንሽኑ ሲታመቅ መሪውን በሁለቱም በኩል እስከ መጨረሻው አዙሩ። ከጎማው ኋላ ያለውን የቦዲ ማሰሪያ፣ የፓራፋንጎውን የውስጥ ፕላስቲክ፣ የላይኛውን የሰስፔንሽን ክንድ በእጃችሁ እየዳሰሳችሁ እዩ። ቢያንስ 10 ሚሊሜትር ክፍተት ይኑር፤ ጭቃ ሲጋገር ያቺው ቦታ ነች የምትሞላው።

የጎማውን ጥርስ ከመምረጣችሁ በፊት ጎኑ ላይ ከመጠኑ ቀጥሎ የተጻፈውን የጭነት ቁጥር አንብቡ። 115 ለአንድ ጎማ 1215 ኪሎ፣ 121 ደግሞ 1450 ኪሎ ማለት ነው። ከፋብሪካው ቁጥር በታች አትውረዱ። ኤልቲ (ለቀላል ጭነት መኪና የተሠራ) የሚል ምልክት ያለው ወፍራም ጎማ ያንኑ ጭነት ለመሸከም ከተራው የበለጠ ንፋስ ይፈልጋል፤ በር ላይ የተለጠፈውን የድሮ ልክ ብቻ ከሞላችሁት ከባድ ጭነት ላይ ጎኑ እየታጠፈ ይሞቃል። ክብደቱም ቀላል አይደለም፦ 285ቱ በኤልቲ ወደ 25 ኪሎ ይጠጋል፤ ፍሬን ስትይዙ መቆሚያችሁ ይረዝማል፣ ሾክ አብዞርበርም ቶሎ ይደክማል። ብዙ ጊዜያችሁ አስፋልት ላይ ከሆነ ኤቲ፣ ማለትም ለሁሉም ዓይነት መንገድ የተሠራ ጎማ፣ ይበቃችኋል። ኤምቲ የሚባለው የጭቃ ጎማ ጭቃ ውስጥ ወደር የለውም፣ እርጥብ አስፋልት ላይ ግን ይንሸራተታል፣ ይጮኻልም።

ስኮርታውም (መለዋወጫ ጎማው) አብሮ ይደግ። ሁልጊዜ በአራቱም ጎማ በሚነዳ መኪና ላይ አንዱ ጎማ ካነሰ የመሐል ዲፈረንሻሉ ያለ እረፍት ሲሠራ ይግላል። 831 ሚሊሜትር የሆነው ስኮርታ ከጭነቱ ሥር ባለው ቦታ ሳይነካ መግባቱን፣ ማንጠልጠያ ሰንሰለቱም ክብደቱን መቻሉን ሞክሩ። ክሪኩንም ሞክሩት፦ ንፋስ የሌለውን ጎማ ለማውጣት የሚበቃ ከፍታ ሙሉውን ጎማ ለማስገባት አይበቃም፤ ካነሰ ሥሩ የሚቀመጥ ወፍራም ጣውላ መኪናው ውስጥ ይኑር።