ሁሉም ሰው ባትሪውን ነው የሚጠይቀኝ

ፕሪየስ፣ ያቺ በቤንዚን ሞተርም በባትሪም የምትሄደውን የቶዮታ ሃይብሪድ፣ ገዛሁ ስል ሰው ሁሉ የሚለኝ አንድ ነገር ነው፣ «ባትሪውስ?»። እንኳን ደስ ያለህ የለ፣ በስንት ገዛሃት የለ፣ ባትሪውስ። ልክ ቤት ውስጥ የታመመ ሰው አስተኝቼ የመጣሁ ይመስል። አልፈርድባቸውም፣ እኔም ከመግዛቴ በፊት ሁለት ወር ሙሉ ሌሊት ሌሊት ስለ ባትሪ ብቻ ነበር ሳነብ የማመሸው። አሁን አንድ ዓመት ከአራት ወር ከነዳኋት በኋላ ግን ያን ሁሉ እንቅልፍ ያጣሁት በማይሆን ነገር እንደሆነ ገብቶኛል፣ ባትሪውን ስጠብቅ ሌላው ሊበላኝ ነበር።

መኪናዋ የ2011 ናት፣ ስገዛት 138,000 ማይል ሄዳለች። ከ2010 እስከ 2015 የወጣው ቅርጽ ማለት ነው፣ ባለ 1.8 ሊትር ሞተሩ። አሜሪካ፣ ቨርጂኒያ አሌክሳንድሪያ ነው የምኖረው፣ ማታ ማታና ቅዳሜ እሁድ ኡበር ስለምሠራ ነዳጅ የማይበላ ነገር ነበር የምፈልገው፣ ደግሞ እዚህ ዲሲ አካባቢ ታክሲ የሚነዳ አበሻ ጋ ሄዳችሁ ምን ልግዛ ብትሉ መልሱ ያው ነው። ሻጯ ሜሪላንድ ያሉ ጡረታ የወጡ ሴትዮ ነበሩ፣ 6,200 ዶላር ብለው 5,700 ላይ ተስማማን። የዘይት ቅየራ ደረሰኝ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ በፋይል ይዘዋል፣ እንደዛ አይነት ሰው ማግኘት ዕድል ነው። ሁለት ትልልቅ ውሾችም ነበሯቸው። ውሾቹን ያዙልኝ፣ እመለስባቸዋለሁ።

መኪናዋን ለማየት ስሄድ ጋሼ የምላቸው፣ ታክሲ ሲነዱ ያረጁ፣ አሁን ሦስተኛ ፕሪየሳቸው ላይ ያሉ ሰው አብረውኝ ሄዱ። በዋዜማው «ሴትዮዋ ጋ ደውልና ጠዋት እንዳያስነሷት በላቸው፣ ሞተሩን ቀዝቅዞ ካላገኘኸው ተመለስ» ብለውኝ ነበር። ደርሰን ሰላምታው እንኳን ሳያልቅ መዳፋቸውን ኮፈኑ ላይ አሳረፉ። ቀዝቃዛ ነው። በል አስነሳት አሉኝ።

እኔ ደግሞ የመኪናዋን ኮምፒዩተር የምታነብልኝን ትንሿን ብሉቱዝ ስካነሬን ሰክቼ ስልኬ ላይ ተደፍቻለሁ። ትልቁ ባትሪ 28 ሞጁል፣ ማለትም ትንንሽ ባትሪዎች፣ ነው ያለው፣ እያንዳንዱ ወደ 7.2 ቮልት፣ ሲደማመር 201.6 ቮልት። ኮምፒዩተሩ ግን ጥንድ ጥንድ አድርጎ 14 ብሎክ ነው የሚያሳይህ። ዳገት ስትወጣ 14ቱም አብረው ከወረዱ፣ ፍሬን ስትይዝ አብረው ከወጡ ጤነኛ ነው፣ አንዷ ብቻዋን ከወደቀች እሷ ናት ታማሚዋ። የኔዎቹ እንደ መዘምራን አንድ ላይ ነበር የሚወጡት የሚወርዱት። ደስ አለኝ፣ ጋሼ ይሄን ሳሳያቸው አላዩትም፣ የኩላንቱን፣ የሞተር ማቀዝቀዣውን ፈሳሽ፣ ዕቃ በስልካቸው መብራት እያዩ ነበር፣ ከዛ የዘይት መለኪያዋን መዘው በሶፍት ጠርገው እንደገና ከተው መዘዙ። «ኩላንት አልጎደለም፣ ዘይትም ብዙ አትበላም፣ ስትነሳም አልተንዘፈዘፈችም፣ ግዛት» አሉኝ።

እነዚህ ሦስቱ ለምን እንደሆነ የገባኝ በኋላ ነው። እዚህ ሞዴል ላይ ከባትሪው ይልቅ የሚያስፈራው ኢጂአር የሚባለው ነገር ነው። ከሞተሩ የወጣው ጭስ የተወሰነው ቀዝቅዞ ተመልሶ ወደ ሞተሩ እንዲገባ ያደርጋል፣ ይሄ ቃጠሎው በጣም እንዳይግል ነው። የሚያቀዘቅዘው ዕቃ ግን በዓመታት ጥቀርሻ ይሞላና ይደፈናል፣ ሲደፈን አንዳንዱ ሲሊንደር ከሌላው በላይ ይግላል፣ መጨረሻው ሄድ ጋስኬት ነው፣ አገር ቤት የቴስታታ ጓርኒሲዮን የምንለው፣ የሞተሩን ላይኛና ታችኛ ክፍል መሃል የሚያሽገው። ሄድ ጋስኬት ሲሄድ ደግሞ ኩላንት ማታ ማታ ቀስ እያለ ሲሊንደር ውስጥ ይገባል፣ ጠዋት ስታስነሳት ዛር እንደወረደበት ሰው ትንዘፈዘፋለች፣ ግማሽ ደቂቃ ቆይታ ጸጥ ትላለች። ሻጩ አሙቆ ከጠበቀህ ይሄን አታየውም ማለት ነው። ለዛ ነው መዳፉ።

ገዝቼ በሁለተኛው ወር አንድ ጎበዝ አበሻ መካኒክ ጋ ወስጄ አስጠረግኩት። ፈቶ ሲያሳየኝ የጀበና ቂጥ በለው፣ ውስጡ ያሉት ቀጫጭን ቀዳዳዎች ከግማሽ በላይ ተዘግተዋል። መድኃኒት ውስጥ ነክሮት ሲያጥበው የሚፈሰው ውሃ እስኪጠራ ብዙ ሰዓት ፈጀ፣ ወደ ሲሊንደሮቹ አየር በሚያስገባው ኢንቴክ ማኒፎልድ ላይ ያሉትን አራት ትንንሽ ቀዳዳዎችም እያንዳንዷን በሽቦ ብሩሽ ጠረጋት። 450 ዶላር ከፈልኩ። ለማነጻጸር ያህል፣ ሄድ ጋስኬት ቢሆን ኖሮ መኪናዋን ከገዛሁበት ግማሹን ነበር የምከፍለው።

አሁን ወደ ውሾቹ። ትልቁ ባትሪ ከኋላ ወንበር ጀርባ፣ ከሻንጣው ወለል ሥር ነው ያለው፣ የሚቀዘቅዘውም በመኪናው ውስጥ አየር ነው፣ ከኋላ ወንበር በስተቀኝ ጎን ወንፊት የመሰለች ፕላስቲክ አለች፣ በእሷ በኩል አየሩን የሚስብ ፋን አለ። አንድ ቅዳሜ ጠዋት አፓርታማችን ፓርኪንግ ላይ በ10 ቁጥር ቁልፍና በካቻቢቴ ፈታሁት፣ መጀመሪያ ትንሹን የ12 ቮልት ባትሪ አላቅቄ ነው። ፋኑ ሲወጣ ፋን አይመስልም። ግራጫ ኮፍያ ነው የሚመስለው። የውሻ ጸጉርና አቧራ ተጋግሮ ምላጮቹን አልብሷቸዋል፣ በጣቴ ጫፉን ይዤ ስስበው እንደ በግ ጸጉር ባዘቶ በአንድ ላይ ተላቆ መጣ። ባለቤቴ ከመስኮት አይታ «ምን ገደልክ?» አለችኝ። በጥርስ ብሩሽ እያንዳንዷን ምላጭ ጠርጌ በቫኪዩም ስቤ መለስኩት። ከዛ በፊት በሐምሌ ሙቀት ኡበር ስሠራ የባትሪው ሙቀት ስካነሩ ላይ ከ50 ዲግሪ ሴልሺየስ አልፎ አይቼ ደንግጬ ነበር፣ ከዛ ወዲህ በዛው ሙቀት 40ዎቹ መጀመሪያ ላይ ነው የሚቆመው። ባትሪ ሞተ፣ ባትሪ ሞተ የሚባለው ከግማሽ በላይ በሙቀት የታፈነ ይመስለኛል፣ ይሄ የራሴ ግምት ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ፣ ብርቱካናማ ገመድ ካያችሁ እጃችሁን ሰብስቡ። ከባትሪው ወደ ኤሌክትሪክ ሞተሩ ኃይል የሚያስተላልፈው ኢንቨርተር ያንን 200 ቮልት እስከ 650 ቮልት ነው የሚያደርሰው። ፋኑን ለማጽዳት እሱን መንካት አያስፈልግም፣ ከዛ ያለፈውን ለሚያውቅ ሰው ተዉለት።

ስለ ትንሹ ባትሪም ላውራ ምክንያቱም ያዋረደኝ እሱ ነው። ከትልቁ ሌላ እንደማንኛውም መኪና 12 ቮልት ባትሪ አላት፣ ግን ኋላ ሻንጣው ውስጥ በስተቀኝ ነው የተደበቀው። ጥር ውስጥ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተኩል ሰው ዳለስ ኤርፖርት ላደርስ ስወጣ ቁልፉን ብነካ በሩ አልከፈት አለ፣ በውስጧ በተደበቀችው ብረት ቁልፍ ከፍቼ ብገባ ዳሽቦርዱ ላይ መብራቱ ሁሉ እንደ ገና ዛፍ ብልጭ ድርግም ይላል። በቃ አለቀላት አልኩ። አንድ ጓደኛዬን ቀስቅሼ ብነግረው «ሃይብሪዱ ሄዷል፣ አስጎትታት» አለኝ፣ ላስጎትታት ስል ጋሼን ደወልኩላቸው፣ እንቅልፍ ባልለቀቀው ድምፅ «ኮፈኑን ክፈት፣ ፊውዝ ሳጥኑ ውስጥ ቀይ ክዳን ያላት አለች፣ እዛ ላይ ከሌላ ባትሪ ጀምፕ ስጣት» ብለው ዘጉት። ሰጠኋት፣ ተነሳች። መንገደኛው ግን ሌላ መኪና ጠርቶ ሄዶ ነበር። ትልቁ ባትሪ ሞተሩን ያስነሳል፣ ትልቁን የሚቀሰቅሰው ግን ትንሹ ነው፣ ስለዚህ አሮጌ ሃይብሪድ ከገዛችሁ የ12 ቮልቱን ዕድሜ ጠይቁ። ፕላስና ማይነሱን ደግሞ አታፋልሱ፣ እዚህ መኪና ላይ ያ ስህተት ውድ ነው።

ሌላው ቀላል ነው። ሞተሪኖ የላት፣ ዲናሞ የላት፣ ቺንጋ እንኳን የላት፣ ሶማሌ ተራ ያለው የአባቴ መካኒክ ካቻቢቴውን ሞተር ላይ ደግፎ እጀታውን ጆሮው ላይ አድርጎ ነበር በሽታ የሚያገኘው፣ ይቺን ቢሰጡት ቀይ መብራት ላይ ዝም ስትልበት ግራ ይገባው ነበር። የውሃ ፓምፑም በኤሌክትሪክ ነው የሚሠራው፣ እሱን 150,000 ላይ ሳይበላሽ ቀየርኩት። ኩላንት ሁለት ቦታ ነው ያለው፣ የሞተሩና የኢንቨርተሩ፣ ሁለተኛውን ሰው ይረሳዋል። የፍሬን ሸራው ገና ግማሹን አልጨረሰም ምክንያቱም ብዙውን የሚያቆማት ኤሌክትሪክ ሞተሩ ራሱ ነው ያንን ጉልበት ወደ ባትሪ እየመለሰ። በበጋ በጋሎን 47 ማይል ታስኬደኛለች፣ በክረምት ሂተር ለማሞቅ ሞተሩ ስለማይጠፋ ወደ 41 ትወርዳለች፣ ይሄን ብልሽት ነው ብሎ ገንዘብ የሚበላችሁ ካለ እንዳትሰሙት።

ካታሊቲክ ኮንቨርተር የሚባለውን የጭስ ማጣሪያ ከመኪና ሥር ቆርጠው የሚወስዱትን ሌቦች አልረሳሁም። ጎረቤታችን አንድ ጠዋት መኪናውን ሲያስነሳ ሄሊኮፕተር ያረፈ መስሎን ሁላችንም ወጣን። እኔ በሳምንቱ ከሥር ብረት አሰራሁላት።

አሁን 171,000 ላይ ናት፣ ባትሪው ያው የድሮው ነው። ከሞተም አንድ ዕቁብ የሚያህል ገንዘብ ነው፣ አንድ ሁለት ሞጁል ብቻ ቀይረን እንስጥህ የሚሉትንም አልሰማም፣ ዛሬ አንዷን ስትቀይር በሚቀጥለው ወር ጎረቤቷ ትከተላለች፣ ሙሉውን ነው የምቀይረው።

ባለፈው ሳምንት ከዳለስ አንዲት እናት ጫንኩ፣ ከአዲስ አበባ መምጣታቸው ነው፣ በርበሬው ከሻንጣው አልፎ ይሸታል። ኋላ ተቀምጠው ትልቁን ፌስታል ልክ ወንፊቷ ላይ አስደገፉት። ዝም ልል አሰብኩ፣ አልቻልኩም።

«እማዬ ይቅርታ፣ እሱን ዕቃ ከዛ ጋ ያንሱልኝ፣ መኪናዋ በእሱ ነው የምትተነፍሰው።»

ፌስታሉን ጉልበታቸው ላይ አወጡና ወንፊቷን ጎንበስ ብለው አዩዋት። «በስመ አብ! በርበሬውን ሳብኩባት እንዴ?» አሉኝ።