ከሊዝበን ሽንት ቤት እስከ ኮተቤ ካራ

ስለ አሜሪካው የሮክ ባንድ ናይን ኢንች ኔይልስ «ዪር ዜሮ» አልበም ሳወራ የማያምነኝ ሰው ብዙ ነው። እስቲ አንዴ ልጻፈውና ይውጣልኝ።

ጊዜው የካቲት 1999 ነው፤ በፈረንጆቹ 2007። እኛ ሚሊኒየሙን እየጠበቅን ነበር፣ የባንዱ መሪ እነ ትሬንት ሬዝነር ደግሞ አውሮፓ ላይ ኮንሰርት ያቀርባሉ። ሊዝበን ላይ አንድ ቲሸርት ተሸጠ። ጀርባው ላይ የኮንሰርቶቹ ዝርዝር አለ፣ ከፊደሎቹ መሃል አንዳንዶቹ ደመቅ ብለዋል። ደማቆቹ ብቻ ተለቅመው ሲነበቡ «ለማመን እየሞከርኩ ነው» ይላሉ። ይህንኑ ድረ ገጽ አድርጎ የከፈተ ሰው፣ ቧንቧ ውሃ ውስጥ ስለሚጨመር «ፓሬፒን» ስለሚባል መድኃኒት የሚያወራ ገጽ አገኘ። ብዙም ሳይቆይ እዚያው ሊዝበን፣ ኮንሰርቱ ያለበት አዳራሽ ሽንት ቤት ውስጥ ፍላሽ ተጥሎ ተገኘ። ውስጡ ገና ያልወጣ ዘፈን! ማንም «ግዙ» አላለም።

እኛ ካራ ነን፣ ከተማው አልቆ ወደ ለገጣፎ የሚወጣበት ጫፍ ላይ። ኢንተርኔት ቤት በደቂቃ እየከፈልን አንዷን ገጽ ለማየት ወገባችን እስኪቆረጥ እንቀመጣለን። ዘፈኑን ያወረደ ልጅ በፍላሽ ይዞ ይመጣል፣ ኮምፒውተር ያለው ጓደኛችን ቤት ተሰብስበን እንሰማለን። መጨረሻው ላይ ሽሽሽ የሚል ጫጫታ አለ። አድናቂዎች ያንን ጫጫታ ድምፅን ወደ ምስል በሚቀይር ፕሮግራም ሲያዩት ከሰማይ የተዘረጋ ትልቅ እጅ ወጣ። ምስሉን ያየሁ ቀን ክንዴ ላይ ያለው ፀጉር ቆመ። ድምፅ ውስጥ ሥዕል ይደበቃል ብሎ ማን ያስባል?

አልበሙም ድረ ገጾቹም የሚተርኩት የፈጠራ ታሪክ የሚካሄደው አሜሪካ ውስጥ በፈረንጆቹ 2022 ነው። መንግሥት ሕዝቡን ከጥቃት እጠብቃለሁ እያለ በውሃው ያደነዝዘዋል። ውሃ ስትመጣ ሌሊት ተነስቶ በርሜልና ጄሪካን ለሚሞላ ሰፈር ይህ ቀላል ወሬ አልነበረም። ጓደኛዬ «እሺ እኛ ጋ ቢሆን ማን ያውቅ ነበር?» ያለው እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ።

የአሜሪካ የሙዚቃ አሳታሚዎች ማኅበር ዘፈኖቹን ያሰራጩትን «አንሱ» ብሎ ማስጠንቀቂያ መላኩ እስካሁን ያናድደኛል። የተሰራጩት እኮ ባንዱ ራሱ ሆን ብሎ የጣላቸው ናቸው።

ሚያዝያ ላይ ሎስ አንጀለስ የተሰበሰቡ አድናቂዎች ሣጥን ተሰጣቸው፣ አንዳንዱ ሣጥን ውስጥ ሞባይል ነበር። ከቀናት በኋላ ስልኩ ጮኸ፣ ተጠርተው ሄዱ፣ ባንዱ ፊት ለፊታቸው ተጫወተ፣ ከዚያ የታጠቁ ልዩ ፖሊሶች መስለው የመጡ ሰዎች ገብተው በተኑት። እኛ ጋ ያኔ በሞባይል አጭር መልእክት መላላክ እንኳ አይቻልም ነበር። ቀናሁ፣ በጣም ቀናሁ።

ኦሪጅናሉን ሲዲ የአክስቴ ልጅ ከአሜሪካ ላከልኝ። ፊቱ ጥቁር ነው። አጫውቼው ሳወጣው ሙቀቱ ጥቁሩን ነጭ አድርጎታል፣ ዜሮና አንድ ቁጥሮች ተደርድረውበታል፤ እነሱም ሲፈቱ ሌላ ድረ ገጽ ላይ ያደርሳሉ። ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬው ቀስ እያለ መልሶ ሲጠቁር ቆሜ አየሁት። ከዚያ እንደገና አጫወትኩት።

ይህን ሁሉ የፍንጭ ፍለጋ ጨዋታ ያቀነባበረው ፎርቲ ቱ ኢንተርቴይንመንት የሚባል ድርጅት ነው። ሬዝነር ግን ማስታወቂያ ነው ሲባል አይወድም፣ የሥራው አካል ነው ይላል። እኔም ከሱ ጋ ነኝ። ማስታወቂያ ቢሆን ኖሮ ገንዘብ ወዳለበት ነበር የሚሄደው፣ ካራ ድረስ ምን አመጣው? እኛ ምንም አልገዛንም፣ ሲዲውም የመጣው በስጦታ ነው። ግን አንዱ ሊዝበን ያገኘውን ሌላው ሌላ አገር ሆኖ ይፈታዋል፣ እኛም እየተከታተልን እንከራከራለን፣ እናም ከዳር የቆምን አልመሰለንም።

የፈረንጆቹ 2022 ሲገባ አልበሙን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ደግሜ ሰማሁት። አላረጀም። ያልሰማችሁት ካላችሁ ሳትዘሉ በቅደም ተከተሉ ስሙት፣ ጫጫታውንም ጨምራችሁ።