ሰማያዊው ክር

በጀርመን የነበረኝን የአንድ ዓመት የተማሪዎች ልውውጥ ጨርሼ ዛሬ ደብረ ብርሃን ስገባ፣ የአያቴን ጉልበት ስሜ ቀና ሳልል የጠየቁኝ ሲሸኙኝ የሰጡኝን መቁጠሪያ ነበር። 41ዱን ቋጠሮ አንድ በአንድ ሲዳስሱ ጣታቸው አንዱ ላይ ቆመ፤ ጥቁሩ ክር እዚያ ላይ ሰማያዊ ሆኗል። በጥር ብርድ ተበጥሶብኝ ሳለቅስ ያየችኝ፣ በቤቷ ተቀብላ ያኖረችኝ ጀርመናዊት እናት፣ ምንነቱን እንኳ ሳትጠይቅ በነበራት ክር ሌሊቱን ጠግና፣ ጠዋት ትራሴ አጠገብ እንዳስቀመጠችልኝ ነገርኳቸው። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ከዚያች ሌሊት ወዲህ በሰው አገር ብቻዬን ነኝ ብዬ አላውቅም።

አያቴ ሰማያዊውን ቋጠሮ ደጋግመው ሳሙት።

«ስሟን ንገሪኝ ልጄ፤ ነገ ሥላሴ ስሳለም በጸሎት አስባታለሁ» አሉኝ።