ቻያማቺ ላይ መውረድ ነበረብን

ባቡሩ ባሕር ላይ ሲወጣ ነው የነቃነው። ባለቤቴ መስኮቱን አየ፣ ስልኩን አየ፣ እንደገና መስኮቱን አየ። "ይሄ ድልድይ ከየት መጣ?" አለ። እኔ ፊቱን አይቼ ነገሩ ገባኝ።

ዕቅዱ ቀላል ነበር። ጃፓን ውስጥ ካለችው ከኦካያማ ከተማ መነሣት፣ ቻያማቺ የምትባል ትንሽ ጣቢያ ላይ ባቡር መቀየር፣ ኡኖ ወደብ መድረስ። ከዚያ በሥነ ጥበብ ሥራዎቿ የታወቀችው ናኦሺማ ደሴት በጀልባ ሃያ ደቂቃ ናት። ግን ልክ ቻያማቺ ስንደርስ የትንሹ ልጄ ሽንት መጣ። እኔ እሱን ይዤ ሽንት ቤት፣ ባለቤቴ ስልኩ ላይ፣ እማዬ ዳዊቷ ላይ። ትልቋ ልጄ "ቻያማቺ ብለው ተናገሩ እኮ" ብላ ነበር አሉ። ማን ሰምቷት።

ድልድዩ ሴቶ ኦሃሺ ነው፤ በ1988 የተከፈተ። መኪናው ከላይ፣ ባቡሩ ከታች ይሄዳል። በብረቶቹ መሀል ቁልቁል ትንንሽ ደሴቶች ይታያሉ፤ ባሕሩ ላይ የተበተነ ጠጠር ነው የሚመስሉት። እውነቱን ለመናገር የጉዞው ምርጥ ዕይታ ይሄ ነበር። ግን ባለቤቴ እየተናደደ ሳለ "እንዴት ያምራል!" አይባልም፤ ዝም አልኩ።

ባለቤቴ ለስድስት ወር ሥልጠና ኮቤ ነው ያለው። እኔ፣ ሁለቱ ልጆችና እማዬ ልንጠይቀው ከአዲስ አበባ ለሦስት ሳምንት መጥተን ነው። ጊዜው መጋቢት መጨረሻ፣ ዐቢይ ጾም። ጾም መሆኑን ያዙልኝ።

ከፊታችን የተቀመጡ አንዲት ሴትዮ መደናገጣችንን አዩ። እንግሊዝኛቸው አምስት ቃል ቢሆን ነው። "ናኦሺማ?" አሉ። "አዎ" አልናቸው። በእጃቸው ወደፊት አሳዩን፤ "ታካማትሱ፣ ሺፕ፣ ኦኬ።" ለካስ ከወዲያኛው ዳርም ጀልባ አለ። ታካማትሱ ስንደርስ በቃላት ከማስረዳት አብረውን ወረዱና ቲኬት መቁረጫው መስኮት ድረስ አደረሱን። ለልጆቹ ከረሜላ ሰጡ። እማዬ "እድሜ ይስጥሽ፣ ልጆችሽን ያሳድግልሽ" ብላ ጎንበስ አለች። ሴትዮዋ ጎንበስ አሉ። እማዬ ደግማ ጎንበስ። እሳቸውም ደግመው። ሁለቱም ቀድሞ ማቆም ነውር መሰላቸው። ጀልባው ሊሄድ ነው ብዬ እጇን ይዤ ባልጎትታት እስካሁን እዚያው ነበሩ።

ከታካማትሱ ጀልባው ሃምሳ ደቂቃ ይወስዳል። አምስት ሰዓት ላይ ናኦሺማ፣ ሚያኖውራ ወደብ ደረስን።

የመጀመሪያው የሚያገኛችሁ ቀይ ዱባ ነው። የጃፓናዊቷ አርቲስት የያዮይ ኩሳማ ሥራ ነው፤ ከ2006 ጀምሮ ወደቡ ላይ ተቀምጧል። ትልቅ ነው፤ ጥቁር ነጠብጣብ አለው፤ ውስጡ ይገባል። ልጆቹ ገብተው ለሃያ ደቂቃ አልወጣ አሉ። እማዬ ዙሪያውን ዞረችና "ይሄን ሁሉ ባሕር የተሻገርነው ለዱባ ነው?" አለችኝ። "ሌላም ቢጫ ዱባ አለ" ስላት ሳቋ መጣ። "ዱባና ቅል አበቃቀሉ ለየቅል" አለች።

ደሴቲቱ ላይ የሚኖረው ሰው ሦስት ሺህ ገደማ ነው። ባለቤቴና ልጄ በባትሪ የሚታገዝ ብስክሌት ተከራዩ፤ እኛ አውቶቡስ ያዝን። አውቶቡሱ 100 የን ነው። የን ደግሞ አሁን ከብር ጋር ስለተቀራረበ እማዬ ዋጋ ለመረዳት እኔን አትጠይቅም። አንድ ሲኒ ቡና 600 የን መሆኑን ስታይ ዝርዝሩን ቀስ ብላ አስቀመጠችው። "ጀበናው ስንት ሊሆን ነው?" አለች። ሲኒዋም ከኛ ፍንጃል እምብዛም አትበልጥም። እኔ ግን ጠጣሁ። ሱስ ነው፣ ምን ይደረግ።

ምሳ ላይ ጾሙ መጣ። ደሴቲቱ ያለችበት ካጋዋ የሚባለው ክፍለ ሀገር በኡዶን የታወቀ ነው፤ ወፍራም የስንዴ ፓስታ በሾርባ። ሥጋ የለው፣ ወተት የለው፤ እማዬ መንገደኛ ነኝ ብላ የጾሙን ሰዓት ወደ ስድስት አውርዳዋለችና ደስ አላት። ባለቤቴ ለጥንቃቄ በስልኩ አስተርጉሞ "ሾርባው ውስጥ ዓሣ አለ?" ብሎ ጠየቀ። ምግብ አብሳዩ ፊቱ በራ። ወደ ጓዳ ገብቶ የደረቁ ትንንሽ ዓሣዎች የሞሉበት ከረጢት በሁለት እጁ ይዞ መጣ። ይኮራበታል! ባለቤቴ "እማማ፣ ዓሣ እኮ በጾም ይበላል የሚሉም አሉ" አላት። "እነሱ ይብሉ" አለችው። ከቦርሳዋ ጠዋት የገዛችውን በባሕር አረም የተጠቀለለ ሩዝ አወጣች። መሀሉ ላይ ጎምዛዛ ፕለም አለው። እሱን ወዳዋለች፤ ሦስት ሳምንት ሙሉ የኖረችው በሱ ነው።

ሆንሙራ የድሮው መንደር ነው። ግድግዳቸው በእሳት በጠቆረ እንጨት የተለበጠ ቤቶች፣ በየበሩ የተንጠለጠለ መጋረጃ። ሰው አልባ ሆነው የነበሩ ቤቶችን እየወሰዱ ለአርቲስቶች ሰጥተዋቸዋል። የመጀመሪያው ካዶያ ይባላል፤ በ1998 የተከፈተ። ጫማ አውልቃችሁ ትገባላችሁ። ጨለማ ነው። ወለሉ ውሃ ነው፤ ውሃው ውስጥ ቀይ፣ አረንጓዴና ቢጫ ቁጥሮች ይበራሉ። 125 ናቸው። እያንዳንዱ ከአንድ እስከ ዘጠኝ ይቆጥራል፣ ይጠፋል፣ እንደገና ይጀምራል። አንዱ ይሮጣል፣ አንዱ ይንቀራፈፋል። አርቲስቱ ታትሱዎ ሚያጂማ ፍጥነቱን ራሱ አልወሰነም፤ ለደሴቲቱ ሰዎች ሰጣቸው። ከአምስት ዓመት ልጅ እስከ ዘጠና አምስት ዓመት አዛውንት እያንዳንዳቸው የራሳቸውን ቁጥር ፍጥነት መረጡ።

ይሄን ለእማዬ በሹክሹክታ ነገርኳት። እስካሁን ለመውጣት ስትቸኩል የነበረችው ሴትዮ ተቀመጠች። "የዘጠና አምስት ዓመቱ የትኛው ነው?" አለች። አላውቅም አልኳት። ጥግ ላይ ያለ አንድ ቁጥር ላይ ዓይኗን ተከለች። አራት ላይ ቆሟል። ቆይቶ አምስት አለ። "ይሄ ነው" አለች። ልጄ ደግሞ እንደ እብድ የሚሮጥ ቀይ ቁጥር አገኘና "የኔ እኩያ ይሄ ነው!" ብሎ ጮኸ። አምስት ዓመቱ ነው። ያ እኩያው ያለው ሕፃን ዛሬ ሠላሳን አልፏል። ስለ አዛውንቱ ማንም ምንም አላለም። እዚያ ምን ያህል እንደተቀመጥን አልቆጠርኩም።

ሚናሚዴራ ሌላ ታሪክ ነው። አርክቴክቱ ታዳኦ አንዶ የነደፈው ከእንጨት የተሠራ ቤት ነው፤ ውስጡ ያለው የአሜሪካዊው አርቲስት የጄምስ ቱሬል ሥራ ነው። ግድግዳውን በእጃችሁ እየዳበሳችሁ ድቅድቅ ጨለማ ውስጥ ገብታችሁ ትቀመጣላችሁ። የራስ እጅ አይታይም። ልጄ እግሬ ላይ ተጠመጠመ። እማዬ ጮክ ብላ "መብራት ሄደባቸው እንዴ?" አለች። እኔ ሳቄን ለማፈን ስል ሞትኩ። ጨለማ ለማየት ከፍለን ተሰልፈን ገባን፤ ቤታችን በነፃ የምናገኘውን። ደቂቃዎች ካለፉ በኋላ ግን ከፊት ለፊት ደብዛዛ ብርሃን ይመጣል። አይመጣም፤ መጀመሪያውኑ ነበረ፤ ዓይናችሁ ነው የዘገየው።

ቢጫው ዱባ ጋ ስንደርስ ሰልፍ ነበር። ወደ ባሕሩ በወጣ የሲሚንቶ መድረክ ጫፍ ላይ ብቻውን ተቀምጧል። ከ1994 ጀምሮ እዚያ ነበር፤ በ2021 አውሎ ነፋስ ገፍቶ ባሕር ከተተው፤ በ2022 አዲስ ተተካ። ከኛ ፊት የነበሩ ጥንዶች ሦስት ጊዜ ልብስ ቀይረው ፎቶ ተነሡ። እኔ ትዕግሥቴ እዚያው አለቀ።

ቲኬት መቁረጫው አጠገብ አንድ ሽማግሌ ከየት እንደመጣን ጠየቁን። "ኢትዮጵያ" ስንል "አበበ!" አሉ። ከዚያ ወደ እግራቸው እያሳዩ "ሀዳሺ፣ ሀዳሺ"፤ ባዶ እግር ማለት ነው። ባዶ እግሩን የሮጠው ሮም ነው፤ በ1964 ቶኪዮ ላይ ጫማ ነበረው። ግን ማን ያርማቸዋል? እንዲህ ደስ ብሏቸው።

ቺቹ ሙዚየም መግቢያ ሰዓት አስቀድሞ በኢንተርኔት ይያዛል፤ እኛ ዘጠኝ ሰዓት ነበር። ለልጆች ነፃ ነው። ቺቹ ማለት "መሬት ውስጥ" ማለት ነው። የኮረብታው መልክ እንዳይበላሽ አንዶ ሕንፃውን መሬት ውስጥ ቀበረው፤ በ2004 ተከፈተ። ከላይ ጣሪያ የሌላቸው አደባባዮች አሉ፤ ሰማዩ ተቆርጦ የተለጠፈ ይመስላል። እኔ ገና ስገባ "ላሊበላ!" አልኩ። እማዬ ግድግዳውን በጣቷ ነካ አደረገች። "ይሄ ሲሚንቶ ነው። ቆፍረው ሠርተው አለበሱት። ያኛው ከአለቱ ተፈልፍሎ ነው" አለች። እሷ በወጣትነቷ ለገና ሄዳ በብርድ ውጭ አድራለች። እኔ ላሊበላን አይቼው አላውቅም። "ሚቀጥለው ዓመት" ስል ነው ዕድሜዬ የሄደው። ጃፓን ድረስ መጥቼ መሬት ውስጥ ያለ ቤት ሳደንቅ ትንሽ አፈርኩ።

የፈረንሳዊው ሠዓሊ የሞኔ ክፍል ነጭ ነው። አምስት የውሃ አበባ ሥዕሎች አሉ፤ መብራት የለም፤ የሚያበራው ከላይ የሚገባው የቀን ብርሃን ብቻ ነው። ደመና ሲመጣ ሥዕሉም ይጨልማል። ጫማ ይወልቃል፤ ፎቶ ክልክል ነው። ባለቤቴ ረጅም ቆየ። እኔ ቶሎ ወጣሁ፤ ልጆቹን በዓይናቸው የሚጠብቁት ነጭ የለበሱ ሠራተኞች አስጨነቁኝ።

የሚቀጥለው ክፍል ግን! ጥቁር ደረጃ አለ፤ ከላዩ ግድግዳው ላይ ሰማያዊ አራት ማዕዘን ተለጥፏል። ሠራተኛዋ "ውጡ፣ ግቡ" ትላለች። የት ነው የሚገባው? ግድግዳ ነው እኮ። ልጄ ሮጦ ወጣና እጁን ዘረጋ፤ እጁ ገባ። ዞሮ አየኝ። ከዚያ ሙሉ በሙሉ ገባ። ሰማያዊው ግድግዳ ለካስ ብርሃን የሞላበት ክፍል ነበር። እማዬ በስመ አብ ብላ ተከተለችው።

ብስክሌት መመለሻው እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ነው። ባለቤቴ ዳገቱን ቁልቁል እየበረረ አሥራ አምስት ደቂቃ አረፈደ፤ 500 የን ቅጣት ከፈለ። ተጨቃጨቀ፤ ማን ይስማው። ሰውዬው ፈገግ እያለ፣ ጎንበስ እያለ፣ ብሩን ተቀበለ። እኔ የሰውዬው ትሕትና ነው ይበልጥ ያናደደኝ።

ወደቡ አጠገብ አርቲስት ያሸበረቀው የሕዝብ መታጠቢያ ቤት አለ። ወንዶቹ ገቡ። እማዬ "ራቁቴን ከማላውቀው ሰው ጋር? እንኳን ጃፓን" አለችና ውጭ ቀረን። ልጄ ወጥቶ "ግድግዳው ላይ ዝሆን አለ" አለን።

የማታው ጀልባ ወደ ኡኖ ነው፤ 300 የን ገደማ። በዚህ በኩል ስትሄዱ የደሴቲቱን ሌላ ፊት ታያላችሁ። ሰሜኑ ጫፍ ላይ ከ1917 ጀምሮ የመዳብ ማቅለጫ ፋብሪካ አለ። ጭስ ማውጫዎቹ፣ የተራቆተው ኮረብታ፣ የበራ አምፖል። በየትኛውም ፖስት ካርድ ላይ አላየሁትም። ልጄ አንቀላፍቷል። ትልቋ ልጄ "ይሄም አርት ነው?" ብላ ጠየቀች፤ አባቷ ሊመልስ ጀመረና ተወው።

ኡኖ ላይ ባቡር ያዝን። ቻያማቺ ገና ሁለት ጣቢያ ሲቀር እማዬ ቦርሳዋን አንጠልጥላ በሩ ጋ ቆማ ነበር። ቁጭ በይ ብንላት እምቢ አለች።