ጉንፋን የያዘው ጠማቂ

አለቃችን የጠራ ቢራ ይወዳል። ብርጭቆውን ከጋዜጣ ፊት ይይዝና ጽሑፉ በቢራው ውስጥ ካልተነበበለት ቢራ አይለውም። የዚያን ጊዜው የሙከራ ጠመቃ 20 ሊትር ብቻ ነበር። ግን የድርጅቱ ባለቤት ራሱ ሊቀምሰው ስለሆነ ከሺህ ሊትር በላይ ከበደን።

ፍላቱ አልቆ ግራቪቲው፣ ማለትም እርሾው ስኳሩን ሲበላ የሚወርደው የክብደት ልኬት፣ 1.012 ላይ ቆመ። እኔ ለመዓዛ የሚገባው የሆፕ አበባ አሁን ይግባ፣ ከዚያ ይቀዝቅዝ፣ ማጥሪያው ጄላቲን መጨረሻ ላይ ይሁን አልኩ። አለቃችን ቅደም ተከተሉን ገለበጠው። «ጄላቲን መዓዛ ይወስዳል። መጀመሪያ እናጥራው፣ ሆፑ በጠራው ላይ ይግባ» አለ። ነገሩ ከመሬት የተነሳ አይደለም። ጄላቲን እርሾውን ይዞ ሲወርድ ከሆፑ ዘይትም ትንሽ ይወስዳል። ግን ሆፕ ራሱ ያደፈርሳል። ፖሊፊኖል የሚባለው ንጥረ ነገሩ ከብቅሉ ፕሮቲን ጋር ይያያዝና ቢራውን ያጉመዋል። የጠራ ቢራ ላይ ሆፕ መጨመር ወለል ወልውሎ ሲያበቁ ጣሪያ እንደ መጥረግ ነው።

አለቃ አለቃ ነው። 2 ዲግሪ ድረስ አቀዘቀዝነው። ጄላቲኑን በቀዝቃዛ ውሃ አርሰን፣ ሳናፈላ 65 ዲግሪ ድረስ አሙቀን ጨመርነው። ጋዜጣው ተነበበ። ከዚያ ቢራውን 16 ዲግሪ ላይ መልሰን 100 ግራም የሆፕ እንክብል ከረጢት ውስጥ ሳናደርግ እንዲሁ ለቀቅንበት። ደፈረሰ። ታች የተኛው እርሾም አብሮ ተነሳ። «ይወርዳል» አለ።

ከሦስት ቀን በኋላ ናሙና ወሰድኩ። 1.009።

«ጋሼ፣ እየወረደ ነው።»

«ምኑ?»

«ግራቪቲው። እርሾው እንደገና ሥራ ጀምሯል።»

«መለኪያው ተበላሽቶ ነው። ሆፕ ስኳር አለው እንዴ?»

«ስኳሩ እዚህ ግባ አይባልም። እርሾ የማይበላውን ዴክስትሪን ቆራርጦ ስኳር የሚያደርግ ኢንዛይም ግን አለው። ብራውንና ሞሪስ የሚባሉ እንግሊዞች እ.ኤ.አ. በ1893 ጽፈውታል።»

ቀና ብሎ አየኝ። «አንተ ያኔ የት ነበርክ?»

ለዚህ ምን ይመለሳል? ቆሜ ቀረሁ። ጥሩ ጥሩው መልስ የሚመጣልኝ አሁንም ሌሊት ነው።

እርሾው እንዲህ ዳግም ሲነሳ ዲያሴቲል ይዞ ይመጣል፤ ቅቤ ቅቤ የሚለው ነገር። ፈተናው ቀላል ነው። ከአንድ ናሙና ሁለት ብርጭቆ ይቀዳል፣ ሁለቱም ይከደናሉ። አንዱ 60 ዲግሪ ውሃ ውስጥ ግማሽ ሰዓት ይቆያል። ሲቀዘቅዝ ጎን ለጎን ይሸተታሉ። የሞቀው ቅቤ ቅቤ ካለ እርሾው ጠርጎ እስኪጨርስ መጠበቅ ነው። የእኛው ገና ክዳኑ ሲነሳ ቅቤ የተጨመረበት ፋንዲሻ ሸተተ። ይዤለት ሄድኩ። እጁን እንኳ አልዘረጋም።

«ጉንፋን ይዞኛል፣ ምንም አይሸተኝም። ወደ ኬግ በርሜሉ ይግባ።»

ገባ። ያለ ከረጢት የተለቀቀው ሆፕም ተከትሎ ገባና የኬጉን ቱቦ ደፈነው። ቱቦውን ነቅዬ ያጠብኩት እኔ ነኝ፣ መቼስ።

ባለቤቱ በመጣ ዕለት የመጀመሪያው ብርጭቆ አረፋ ብቻ ሆነ። ሁለተኛውም አረፋ። ኬጉ ውስጥ ፍላቱ አላቆመም ነበርና ጋዙ ከልክ አልፏል። በሦስተኛው ማዶውን የማያሳይ ድፍርስ ቢራ ወረደ። ባለቤቱ ወደ ብርሃን ከፍ አደረገው። እኔ መሬት መሬት አየሁ።

«አሁን ሰው የሚፈልገው ይሄንን ነው!» አለ። «እንዴት አድርገህ ነው ያደፈረስከው?»

አለቃችን ለአፍታም አላመነታም። «ሆን ብዬ ነው የተውኩት። መዓዛውን ይዩት እስቲ። መጀመሪያ ማንጎ ይመጣል፣ ቀጥሎ የሎሚ ልጣጭ። መጨረሻ ላይ ደግሞ ትንሽ የቅቤ ልስላሴ አለው።»

ጉንፋኑ ለቆታል ማለት ነው።

ቢራው ተወደደና መደበኛ ሆነ። የአሠራር ወረቀት ተዘጋጀለት። «ሆፕ ከገባ በኋላ ግራቪቲው ሁለት ቀን ባለበት ካልቆመና የማሞቅ ፈተናውን ካላለፈ ወደ ኬግ አይገባም» ይላል፤ ከሥሩ የአለቃችን ፊርማ አለ። ከየት አመጣኸው ብዬ አልጠየቅኩም። ጄላቲን የሚለው መስመር ተሰርዟል።