ውሃ ያለባት ካርድ

ዛሬ ደሴ ላይ ከጦሳ ተራራ የሚወርደው ብርድ አጥንት ይሰብር ነበር። ልጄን በባጃጅ ይዤ ከሰኞ ገበያ ወደ ሥልጠናው ሄድኩ። ኦቲዝም ያለባቸው ልጆች ወላጆች፣ ስድስት ነበርን።

ትምህርቱ በሥዕል ካርድ መግባባት ነው፤ በ1985 እ.ኤ.አ. አሜሪካ የተጀመረ ዘዴ። ልጁ የፈለገውን ነገር ሥዕል አንስቶ ይሰጥሻል፣ አንቺም ወዲያው ዕቃውን ትሰጪዋለሽ። በቃ።

አንዲት እናት «ካርድ ከለመደማ አፉን አይፈታም!» ብለው ተቆጡ። እኔም ሁለት ዓመት የፈራሁት ይህንኑ ነው። አሠልጣኟ ግን ካርዱ ንግግርን እንደማያስቀር፣ እንዲያውም አንዳንዶቹን እንደሚያግዝ ነገረችን። አንድ አባት «ጸበልም ዱዓም ሞክረናል፣ ካርድ ቢጨመርበት ምን አለበት?» ሲሉ ሳቅን። ወሎ አይደለን!

እኔን የከበደኝ መጠበቁ ነው። ውሃ ሲጠማው ከዓይኑ አውቃለሁ፤ ሳይጠይቅ እሰጠዋለሁ። ለካ የመጠየቂያ ዕድሉን የምነጥቀው እኔው ነኝ።

ማታ ጆጉን ይዤ ዝም አልኩ። እጄን ጎተተ። አለቀሰ። አንጀቴ ተንሰፈሰፈ። እህቱ ከኋላው ሆና እጁን ወደ ካርዷ መራችው። ጠርዟን አኝኳታል። አነሳና መዳፌ ላይ አስቀመጣት።

ውሃውን ስቀዳለት እጄ ተንቀጥቅጦ ግማሹ ምንጣፉ ላይ ፈሰሰ።