ማንኪያ የሚያቆም እርጎ

ስልኬ ላይ ያየሁት የእርጎና የፍራፍሬ ሳህን ፎቶው ላይ ሲታይ ቀላል ነው። ጎድጓዳ ሳህን፣ ሮዝ የሆነ እርጎ፣ ከላይ በመስመር የተደረደረ ፍራፍሬ። ቅዳሜ ጠዋት "ይኼማ ምን ይከብዳል" ብዬ ገባሁበት።

እርጎው ላይ ተሸወድኩ። እማዬ ወተቱን ከሰፈር ገዝታ፣ በወይራ በታጠነ ዕቃ ሁለት ቀን አስቀምጣ የምታረጋው ነው። ለመጠጣት የሚያህለው የለም። ለሳህን ግን ቀጭን ነው። ከሙዝ ጋር ብፈጨው ጁስ ሆኖ ቁጭ አለ። ተጠብቤ የደረደርኩት ማንጎ አንድ በአንድ ሰመጠ። በብርጭቆ ገልብጬ ጠጣሁት።

ማታ ሌላ እርጎ በስስ ጨርቅ ቋጥሬ ቧንቧው ላይ አንጠለጠልኩ፣ ከሥሩ ጎድጓዳ ሳህን አድርጌ። እማዬ ውሃ ልትቀዳ መጥታ አየችው።

"አይብ ካማረሽ ለምን አትነግሪኝም?"

ጠዋት አንዱ ሊትር ወደ ግማሽ ወርዶ ማንኪያ የሚያቆም ሆኗል። የተንጠባጠበውን ውሃ እማዬ ለዳቦ ማቡኪያ ወሰደችው።

ሙዙም ማታውኑ ፍሪዘር መግባት አለበት። ተልጦ፣ ተቆራርጦ። ከነልጣጩ አስገብቼ በቢላ የታገልኩበትን ቀን ባላወራው ይሻላል። በረዶ የሆነ ሙዝ ከወፍራም እርጎ ጋር ሲፈጭ አይስክሬም መሳይ ነገር ይወጣዋል። መብራት ካልጠፋ ማለቴ ነው።

ለቀለሙ እንጆሪ አስቤ ነበር፤ ዋጋውን ጠይቄ ተመለስኩ። ቤት የተቀቀለ ቀይ ሥር ነበር። አውራ ጣት የምታህል ቁራጭ ጨመርኩና ክዳኑን ስከፍት ያ ሮዝ! ከዚያ ካለፈ ግን አፈር አፈር ይላል።

አሁን ፓፓያው። እሁድ የተረፈኝን ፓፓያ ከእርጎው ጋር ፈጭቼ ለምሳ ብዬ ፍሪጅ ከተትኩ። ስቀምሰው መረረኝ። ወተቱ ላይ ፈረድኩ፤ ለካስ ጥፋቱ የፓፓያው ነው። እሳት ያልነካው ፓፓያ ውስጥ ፓፓይን የሚባል ኢንዛይም አለ፤ ሥጋ ለማለስለስ የሚጠቀሙበት ማለት ነው። የወተቱን ፕሮቲን ሲቆራርጠው ምሬት ያመጣል። እሳት ያልነካው አናናስም እንደዚሁ ያደርጋል። ስለዚህ ሁለቱም ከላይ ብቻ፣ ያውም ሊበላ ሲል።

ረቡዕና ዓርብ እርጎ ስለማይነካ በአቮካዶ እተካዋለሁ፣ ሎሚ ጠብ አድርጌበት። ጁስ ቤቶች ስፕሪስ ሲሠሩ ስንት ዓመት አቮካዶና ማንጎ ሳይቀላቀልባቸው ደራርበው ሲያቀርቡልን ኖረዋል። እኔ ከስልክ ላይ አዲስ ነገር ያገኘሁ መስሎኛል።

ሰኞ ተሳካ። ሮዙ ላይ ቢጫ ማንጎ፣ ብርቱካንማ ፓፓያ፣ በጎኑ አረንጓዴ አቮካዶ። ከላይ የተቆላ ተልባና ሰባበር ያለ ለውዝ፤ ቆሎ ሞክሬ ጥርሴን ሊያወልቀኝ ነበር። በመጨረሻ ማር። የወይራው ጭስ ከማሩ ሥር ቀስ ብሎ ይመጣል፤ ፎቶው ላይ ያ የለም።

እማዬ "እስቲ" ብላ ማንኪያዋን ሰደደች። መጀመሪያ ያደረገችው ነገር ሁሉንም ማማሰል ነው። ቀለሙ ሁሉ አንድ ሆነ። "ደህና ፍትፍት ነው" ብላ ጨረሰችው።

ሳህኗን ልታስቀምጥ ስትነሳ በመስኮቱ ገመዱ ላይ የሰጣሁትን ጨርቅ አየች። ቆም አለች።

"ያንን ጥለት የት ነው የማውቀው?"